ወንጀለኛ የሚመረትበት ገበያ

የኮምፒዩተር ወንጀል ሲነሣ በዓይነ ኅሊናችን የሚታየን ስግብግብነት ያነሣሣው ሥልጡን ሌባ ነው። ተጨባጩ ሁኔታ ግን ሌላም ገጽታ አለው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከማያንማር የማጭበርበሪያ ሠፈሮች ወጥተው ለታይላንድ ከተረከቡት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

የዚህ ጉዞ መነሻ በቴሌግራም የሚናኝ የባንኮክ ሥራና ዳጎስ ያለ ደመወዝ ነው። ከዚያም ፓስፖርት ይነጠቃል፤ በሐሰት ስምና ፎቶግራፍ የሩቅ ሰውን ልብ እያማለሉ ገንዘቡን መዝረፍ ግዴታ ይሆናል፤ የተመደበለትን ያልሞላ ይደበደባል። ትርፉ የጌታው፣ ወንጀሉ የምርኮኛው! ይህ ብዝበዛ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

መከላከሉ ለፖሊስ ብቻ የሚተው ተግባር አይደለም። ደላላው የሚነግደው በሥራ አጥነትና በንቃት ማነስ ነውና ሥራ መፍጠር፣ ወጣቱን ማንቃትና ደላላውን ለፍርድ ማቅረብ ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም። ተገዶ ያታለለውንም ከአስገዳጁ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን ታላቅ ስሕተት ነው። ከስደት የተመለሰው ወጣት በወንጀለኝነት ከተፈረጀ አፉን ይዘጋል፤ ደላላውም ቀጣዩን ይመለምላል። የዚያን ገበያ በር የሚዘጋው ግን የተመላሹ ምስክርነት ነው እንላለን።