የእድሩ ቤት ከሕመም ለሚያገግሙ ወገኖች ይከፈት



በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ የሚከተለው ነው። የአእምሮ ሕመም ገጥሟቸው ሕክምና የጀመሩና በማገገም ላይ ያሉ የሰፈራችን ሰዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት በእድሩ ቤት እየተገናኙ እንዲጨዋወቱ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? ጥያቄውን ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው። ወሬው ከተሰማ ወዲህ በየቡናው ብዙ ተብሏል፤ «የእድር ቤት የእብድ መሰብሰቢያ ሊሆን ነው» ያሉም አልጠፉም። የጽሕፈት ቤታችን አሳብ ግን ይፈቀድ የሚል ነው።

ለምን ቢባል፣ ጉዳዩ ከእድር ሥራ የወጣ አይደለም። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን። ጎረቤት ኦፕራሲዮን ቢደረግ ብርቱካን ይዘን እንጠይቃለን። ከአማኑኤል ሆስፒታል ለተመለሰ ሰው ግን እስቲ ማነው ብርቱካን ይዞ የሄደ? ቤተሰቡም ቢሆን ልጃችን ሳትዳር ትቀራለች፣ አከራይ ያስወጣናል እያለ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። በሽተኛው ከሐኪም እጅ ወጥቶ ጓዳ ውስጥ ብቻውን ይውላል። ሕመሙ ተመልሶ የሚነሣበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

አማኑኤል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለና ለብዙ ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ነው። አሁን በአንዳንድ ጤና ጣቢያም ሕክምናው ይገኛል። መድኃኒቱ ከዚያ ይመጣል። ነገር ግን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሁለተኛው በሦስተኛው ወር ሲሻለው «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል፤ ወይም እንቅልፍ ሲጥለው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ይተወዋል። ያን ጊዜ «እኔም እንደዚሁ አቁሜ ነበር፣ ያገኘኝን ልንገርህ፤ ይልቅ ሄደህ ለሐኪሙ ንገረው» የሚለው ማነው? በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ነው። እናት ብትለው ይቆጣል፤ ሐኪሙ ቢለው «አንተ ምን ታውቃለህ» ይላል። የእርስ በርስ መደጋገፍ የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው። ማገገም ማለትም የግድ ሕመሙ ከነሥሩ ጠፋ ማለት አይደለም። መድኃኒቱን እየወሰደም ቢሆን ሥራ መሥራት፣ ከሰው ጋር በአንድ መሶብ መቅረብ፣ በራሱ ጉዳይ አሳቡ መጠየቁ ነው።

ይህ ከሌላ ቦታ ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ ምባሬ በሚባለው ሰፈር ሥራውን የጀመረው ከ14 አሮጊቶች ጋር ነው። እናቶቹ ከጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ሰው ያነጋግራሉ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው እየተሰበሰቡ፣ ከላስቲክ ቦርሳ እየሠሩ፣ ችግራቸውን ይጫወታሉ። በእኛም አገር በጉራጌ በሶዶ ወረዳ፣ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ጽኑ ሕመም ባለባቸው 166 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ፣ ከሕክምናው ጋር ሠልጥነው የመጡ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ የደገፏቸው በዓመቱ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ ሲመሩ ተገኝተዋል። ልብ በሉ፣ ደጋፊዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም። የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበርም በአገራችን አለ።

አንዳንድ አባላት ጠብ ይነሣል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸውን አንንቅም፤ ልጆች በግቢው ይጫወታሉና። ሆኖም ከታመሙት ውስጥ አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም፤ እንዲያውም የሚደበደቡትና የሚታሰሩት እነርሱ ናቸው። በሰንሰለት ታስሮ የኖረ ሰው ያየ ያውቀዋል። ሌሎች ደግሞ «ጸበል እያለ፣ ዱዓ እያለ ይህ ምን ያደርጋል» ይላሉ። ጸበሉንም ዱዓውንም የከለከለ የለም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ነው የምንለው። የአዳራሹ ኪራይ ይቀርብናል የሚለው ክርክር ግን ብዙም አያስኬድም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ባዶውን ነው የሚውለው፣ ወንበሩም አቧራ ይጠጣል።

አሳባችን ይህን ይመስላል። ቡናና ስኳር ከእድሩ ይሁን፤ ቆሎውን እነርሱ ያመጣሉ። የሚመጣ ሰው ስሙ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ እዚያ የተነገረም ከዚያ አይወጣም። ከኮሚቴው ማንም ለመቆጣጠር አይገባም፣ ካልተጠራ በቀር። አንድ ሰው ሕመሙ ቢነሣበት ቤተሰቡ ይጠራል፤ ገመድም ፖሊስም ቀድሞ አይጠራም። ራሴን አጠፋለሁ የሚል ቢኖር ግን ብቻውን አይተውም፤ ለነገ ሳይባል ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ አብሮት የሚሄድ ሰው ይመደባል። ለዚህ ሁለት ሰዎች ፈቃደኛ ሆነው ቀርበዋል፤ ሦስተኛ እንፈልጋለን፣ ሴት ብትሆን ይመረጣል።

ሙከራው ለ3 ወር ይሁንና ከዚያ በኋላ እንደገና ለጠቅላላ ስብሰባ ይቅረብ። ስብሰባው እሑድ በ4 ሰዓት በእድሩ ቤት ነው። መምጣት የማይችል አባል አሳቡን ጽፎ እስከ ዓርብ ማታ ለጸሐፊው ይስጥ፤ መጻፍ ለማይችሉ እኛ እንጽፍላቸዋለን።

የእድሩ ጽሕፈት ቤት