ዋሻ ሚካኤል እኮ እዚሁ ነው!

በዛሬው «የእኔ ሐሳብ» ዓምዳችን የምንጨዋወተው ስለ ሽርሽር ነው።

የዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ ክፍል ውስጥ ወሬው ሁሉ «ዘንድሮ የት ነው የምንሄደው?» ነው። አንዱ ላንጋኖ ይላል፣ ሌላው ሶደሬ ይላል። ከዚያ የአውቶቡስና የምሳ ብር አምጡ ይባላል። ያመጣ ይሄዳል፣ ያላመጣ ይቀራል። በማግስቱ የሄዱት ሲያወሩ የቀሩት ዝም ብለው ያዳምጣሉ። አንዳንዱም «አሞኝ ነው የቀረሁት» ይላል። በእኔ ሐሳብ ብር የሌለው የሚቀርበት ሽርሽር የክፍል ሽርሽር አይባልም። ስለዚህ ዘንድሮ በእግራችን ዋሻ ሚካኤል እንሂድ!

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። የካ ተወልደን የካ አድገን ያላየነው ብዙ ነን። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ያለ ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ጥር ላይ ከቤተሰቦቼ ጋር ሄጄ አይቼዋለሁ። እማዬ ዳቦ ቆሎና ውሃ ያዘች፣ አባዬ ታናሽ እህቴን እሽኮኮ አደረጋት፣ በጠዋት ወጣን። ዳገቱ ያስለከልካል፤ ቆም ብሎ ዞር ሲሉ ግን አዲስ አበባ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ለመኪና የከፈልነው ነገር የለም።

ዋሻ ሁሉ አንድ አይደለም። ባሌ ያለው ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እሱን የሠራው የወይብ ወንዝ ነው። ውሃው የኖራ ድንጋዩን በብዙ ዘመን እያሟሟ ፈለፈለው። የእኛን ግን የሠራው የሰው እጅ ነው። እንደ ላሊበላዎቹ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተጠርቦ ወጣ። ሲሚንቶ የለ፣ ጡብ የለ! ግድግዳውም ምሰሶውም ያው አለቱ ነው። ቤት ሲገነባ አንድ ድንጋይ ቢጣመም ተነስቶ ሌላ ይተካል። እዚህ ግን አንዴ የተጠረበ አይመለስም። እነዚያ ሰዎች ምን ያህል ተጠንቅቀው እንደሠሩ አስቡት።

ዕድሜውስ? በአባቶች ትውፊት ከላሊበላ በፊት የነበረ ነው። የታሪክ አጥኚዎች ደግሞ 12ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው ይላሉ። በየትኛውም ብንሄድ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረችው ከተማችን በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣል። ሶሻል ላይ የምንማረው ታሪክ እዚሁ ሰፈራችን በላይ ቆሞ ይጠብቀናል ማለት ነው።

አንዳንድ ልጆች «እኛ ሙስሊም ነን፣ ጴንጤ ነን፣ ምን እናደርጋለን?» አሉኝ። ሶፍ ዑመር በሼህ ስም የሚጠራ፣ ሙስሊሞች የሚያከብሩት ቦታ ነው፤ ግን ክርስቲያኑም የውጭ አገር ሰውም ሄዶ ያያል። ይሄም እንደዚያው ነው። ለመሳለም የፈለገ ይሳለማል፣ ሌላው ታሪኩን ያያል። «ጫካው ያስፈራል» ለሚሉም መልሱ ቀላል ነው፤ በጠዋት፣ በአንድ ላይ፣ ከመምህራንና ከወላጆች ጋር ከሄድን ምንም አያስፈራም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ፈርሷል፣ በክረምት ውሃ ይገባበታል። ዝናቡ የሚጎዳው ይበቃል፤ እኛ ደግሞ መጨመር የለብንም። ዴስክ ላይ ስም መጫር የለመደ እጅ አለት ላይም እንዳይጭር እፈራለሁ። ዴስክ ይቀየራል፣ አለቱን ግን ማን ይቀይረዋል? ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ቃል እንግባ፦ አገልጋዮቹን አስፈቅደን እንገባለን፣ ጫማችንን እናወልቃለን፣ ግድግዳ አንጭርም፣ ፌስታልና የውሃ ላስቲክ ጥለን አንመጣም።

መምህራኖቻችን፣ እባካችሁ ሐሳቤን አስቡበት። የሩቁ ሽርሽር ይቅር አላልኩም፤ ግን ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን ማንም የማይቀርበት ጉዞ ይኑረን። ለዚህ የሚያስፈልገን ጫማና ትንሽ ቆሎ ብቻ ነው። ተማሪዎች፣ እናንተም እስከዚያው ቅዳሜ ወይ እሑድ ቤተሰቦቻችሁን «ዋሻ ሚካኤል ውሰዱን» በሏቸው። ክረምቱ ሳይገባ!

የተለየ ሐሳብ ያለው ጽፎ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ያለው የአስተያየት ሳጥን ውስጥ ይክተት፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል