«ሕዝቡ አይገባውም» የምትሉ ሆይ፣ ማንን ጠይቃችሁ?

ሰሞኑን አዲስ አበባ አንድ የመጽሐፍ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ከሰበታ ተነስቶ እዚያ መድረስ በእኛ ኪስና በእኛ ጉልበት ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ታክሲ ነው፣ ሰልፉን ሳንቆጥር። ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ የሰማሁት ምን መሰላችሁ? አንድ ከረባት ያሰሩ ሃያሲ ተነስተው «ይህ ሙከራዊ የምትሉት ልቦለድ ለእኛ አገር አንባቢ ገና ነው፤ ሕዝቡ አይገባውም» አሉ። ቤቱም አጨበጨበ! ያጨበጨበው ማን ነው? ያው «አይገባውም» የተባለው ሕዝብ።

ደሜ ፈላ። የፈላውም ለሥነ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። «ሕዝቡ አልገባውም» የሚለውን ዜማ እኛ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰዎች ከሌላ አፍ ጠግበነዋል። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ያን ሁሉ ተቃውሞ ሲያስነሳ፣ ያን ሁሉ ወጣት ሲያስቀጥፍ፣ ከላይ የሚወርደው መልስ ይኸው ነበር፤ ሕዝቡ አልገባውም፣ የግንዛቤ እጥረት ነው። ጥር 2008 ላይ ፕላኑ ቀርቷል ሲባል ግን «ለካ ገብቶት ኖሯል» ያለ ሰው እኔ አልሰማሁም።

እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን እኔም ከእኚህ ሰውዬ የተሻልኩ አልነበርኩም። እኔ የበዓሉ ግርማ አንባቢ ነኝ። ኦሮማይ ከገበያ ከተሰበሰበ በኋላ በጋዜጣ ሸፍነው ከተዋዋሱት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። በ2001 ዓ.ም. ዴርቶጋዳ ሲወጣም እንቅልፍ አጥቼ በአንድ ሌሊት ጨርሼዋለሁ፤ አላፍርበትም። መጽሐፍ ማለት ለእኔ እንደ ታክሲ ነበር፤ ከየት እንደሚነሳና የት እንደሚያወርደኝ የማውቀው። በኋላ ሰዉ ሁሉ «አዳም ረታ፣ አዳም ረታ» ሲልብኝ ከወፋፍራም መጻሕፍቱ አንዱን ገዛሁ። ሠላሳ ገጽ ያህል ሄድኩ። ወሬው ይጀመርና ይቆማል። ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ሌላ ወሬ ይነሳል። የግርጌው ወሬ የላይኛውን ያስረሳል። ተበሳጨሁ፣ ብሬም አንገበገበኝ። የቤታችን ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነበርና መጽሐፉ እሱን ደግፎ ሁለት ክረምት አሳለፈ።

ከዚያ ያወጣው አንድ ጓደኛዬ ነው። በልጅነቱ ከገጠር ወደ ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መጥቶ፣ ተምሮ፣ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በብሬል የታተመ ልቦለድ እንደ ልብ ስለማይገኝ እሁድ እሁድ እኔ አነብለታለሁ። አንድ እሁድ ጠረጴዛው ሥር እግሩን ሲዘረጋ ከመጽሐፉ ጋር ተጋጨ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ነው፣ ግን አይረባም።»

«ጠረጴዛ የተሸከመ ነገር እንዴት አይረባም? አንብብልኝ እንጂ።»

ጉዱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የግርጌ ማስታወሻ ለሚሰማ ሰው እንዴት ነው የሚነበበው? እስቲ ሞክሩት! መጀመሪያ ገጹን ጨርሼ ወደ ግርጌ ወረድኩ። «ቆይ፣ አሁን ስለ ማን ነው የምታወራው?» አለኝ። ቀጥሎ ቁጥሯን ባየሁ ቁጥር ወዲያው መውረድ ጀመርኩ፤ ስመለስ እኔው ራሴ የት እንደነበርኩ ጠፋኝ። በሦስተኛው፣ አልደብቃችሁም፣ ግርጌውን ዝም ብዬ ዘለልኩት። «የዘለልከው አለ» አለኝ። እንዴት አወቅህ ስለው «ገጹ ቶሎ ተገለበጠ።» ከዚያ በኋላ ማታለል ቀረ። ላይኛውን በወትሮው ድምፄ፣ ግርጌውን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሐሜት እንደሚያወራ ሰው ሆኜ ማንበብ ያዝኩ። ያን ጊዜ መጽሐፉ ተከፈተ! ሚስቱ ቡና እየቆላች ትሰማ ነበርና «ጋሼ፣ ይሄማ የእናቴ ጨዋታ ነው» አለች። እናቷ የሠርግ ወሬ ሲጀምሩ በቅሎዋ ከየት እንደመጣች ሳይናገሩ፣ የበቅሎዋ ባለቤት ከማን ጋር እንደተጣላ ሳያስረዱ ሙሽራውን ከቤት አያስወጡትም።

ጓደኛዬ ደግሞ ሰበታ ከመግባቱ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር። «አንተ ይሄን ከፈረንጅ የመጣ አደረግኸው፤ የኔታ አንዲት ዘር ያነቡና አንድም፣ አንድም፣ አንድም እያሉ ማምሻውን ያደርሱን የለም እንዴ!» አለኝ። አፌን ያዝኩ። የአንድምታ ትርጓሜ ያለው አገር፣ ሰምና ወርቅን በቃሉ የሚፈታ አገር፣ «የተደራረበ ነገር አይገባውም» ይባላል? አዳም ራሱ አጻጻፉን «ሕጽናዊነት» ይለዋል፤ መነሻው እንጀራ ነው። ታሪኮቹ እንደ እንጀራ ዓይን ጎን ለጎን ሆነው በውስጥ ይያያዛሉ። እንጀራ የማይገባው ማን ነው?

ውጪም ቢሆን ያው ነው። አርጀንቲናዊው ኮርታዛር በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ባለ 155 ምዕራፍ ልቦለድ አንባቢ እየዘለለ እንዲያነበው አደረገው፤ ርዕሱም እኛ ሰኞ ማክሰኞ የምንለው የልጆች ጨዋታ ነው። የእኛው ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. አደፍርስን ሲያወጣ ብዙ አንባቢ ከበደኝ ብሎ ገፍቶት ነበር፤ ዛሬ ስለ አማርኛ ልቦለድ ሲወራ እሱን ሳይጠቅስ የሚያልፍ የለም።

ታዲያ የተሰባበረ ሁሉ ጥበብ ነው እያልኩ አይደለም። ነጠላ ሰረዝ መግደል አብዮት የመሰላቸው ወጣት ደራሲዎች አሉ። ሕልም ውስጥ ሕልም፣ መስታወት ውስጥ መስታወት፣ ከዚያ ባዶ ገጽ! ባዶ ገጽ ከሆነ ደብተር እገዛለሁ፣ ይረክሳል። እንዲህ ያለውን ለጓደኛዬ ሳነብለት «ሰውየው የሚነግረን ነገር የለውም፣ አስነሳው» ይለኛል። እናነሳዋለን። ጠረጴዛ ለመደገፍ እንኳ ቀጭን ነው።

ሌላም ቅሬታ አለኝ፣ ይሄኛው ለጎበዞቹም ነው። እስካሁን ካነበብኳቸው ልቦለዶች ውስጥ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ገጸ ባሕርዩ በአውቶቡስ መስኮት የሚያያቸው ናቸው። ወርዶ ሻይ የጠጣ አላየሁም። ገፈርሳ ውሃ ሲያጠጣችሁ፣ የሱሉልታ ወተት በየማለዳው ሲገባላችሁ፣ ሜታ ቢራ ከሰበታ ሲመጣላችሁ ከየት እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አዲስ አበባ ዋናው ጽሑፍ፣ እኛ በደቃቅ ፊደል ከግርጌ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት ደስ ብሎን ነበር፤ ጓደኛዬን ይዞ ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን ይበላል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱም ከተሞቻችን በሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተማ ሆኑ። አድራሻችን ተቀየረ፣ እኛ እዚያው ግርጌ ነን።

የእህቴን ነገር ላውራችሁ። ቤቷ ቡራዩ ነበር። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ግድግዳዋ ላይ ቀይ ኤክስ ተቀባ። የቀባው ሰው ማን እንደላከው አልነገራትም። ከዚያ ዶዘሩ መጣ። አሁን ሱሉልታ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ልጠይቃት ስሄድ «እንዴት ሆነ?» እላታለሁ፤ በቅደም ተከተል ነግራኝ አታውቅም። አንድ ፌስታል ታወጣለች። የመብራት፣ የውሃ፣ የቆርቆሮ መግዣ ደረሰኝ፣ ያለቀ የዕቁብ ደብተር። የቆርቆሮውን ታነሳና «ይሄ የገባው የልጄ ክርስትና ሰሞን ነው» ብላ ትጀምራለች። ክርስትናው ጎረቤቷን ያስታውሳታል። ጎረቤቷ መስከረም 2011ን ታመጣለች፤ ቡራዩ ላይ ያ ሁሉ ሰው የሞተበትን፣ ሺዎች የተፈናቀሉበትን። «ያን ሌሊት በዚህ ቆርቆሮ ሥር ስንት ሰው እንዳደረ አታውቅም፣ ጋሼ» ትለኛለች። ከዚያ የውሃ ደረሰኝ ታነሳለች። ስለ ዶዘሩ ሳትደርስ ይመሻል።

ድሮ «ነገሩን በአጭሩ ንገሪኝ» ብዬ እቆጣት ነበር። እንደ ታክሲ እንድትነዳልኝ መሆኑ ነው! አሁን ዝም ብዬ እሰማለሁ። የቱ ደረሰኝ ላይ ድምፅዋ እንደሚወርድ ለይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነግሬው ነበር። ዝም ብሎ ቆየና «ደረሰኞቹን ያነበበላት ሰው አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። እሁድ ሱሉልታ እንሄዳለን። ብርድ ስላለ ጋቢ ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ እህቴንም ፌስታሉን እንዳታነሳው ብያታለሁ።