ፎርማት ይደረግ!

ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ትንሽ አመል ካወጣ ፍርዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ!» ምስክር አይሰማ፣ ይግባኝ የለ። ድሮ ልጅ ሲያለቅስ ቡዳ በላው ይባል ነበር፤ ዛሬ ማሽኑን ቫይረስ በላው። እኛ በየመሥሪያ ቤቱ ትንንሾቹ የሆንን ሰዎች ይሄን ፍርድ በቅርብ እናውቀዋለን። ዲግሪያችን የምን እንደሆነ ማንም ሳይጠይቅ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ይሄን ነገር እዪልኝ» እንባላለን። ስናይ ከርመን የታዘብነው፣ ቫይረስ ከሚባለው ብዙው ቫይረስ አለመሆኑን ነው። ቫይረስ የሆነውም ሁሉ ፎርማት አያሻውም።

የሰዓቱን ነገር እንውሰድ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዋይፋዩ አለ፣ ስልካችን ይሠራል፣ ያ አንድ ኮምፒውተር ብቻ የባንኩንም የኢሜይሉንም ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይመልሳል። ጥግ ላይ የተጻፈችውን ቀን ማንም አያያትም። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት። መብራት በሌለበት ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ነች። ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬት ደግሞ እንደ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ቀኑ ገና ያልደረሰ መታወቂያ ያየ መስሎት በሩን ይዘጋል። አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ባትሪዋ ያው እንደሞተች ነች። (አንዳንዱ ደግሞ አገር ወዳድ ሆኖ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ያስተካክለዋል። ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ! ውጤቱ አንድ ነው።)

ፊደልም አለ። በ1990ዎቹ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ በአዲስ ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። የድሮዎቹ ፎንቶች የእኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ ሰነዱ አልታመመም፤ መነጽሩ ነው የጠፋው። የድሮውን ፎንት መጫን ነው።

እስካሁን ያለው ያስቃል። የማያስቀው የፍላሹ ነገር ነው። ከመካከላችን አንዷ በምትሠራበት ቢሮ የአንዲት ጸሐፊ ወይዘሮ ፍላሽ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆኑባቸው። የስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ነበረበት። የአይቲው ልጅ ፍላሹን ተቀብሎ አንድ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አደረገና «ጸድቷል» አለ። እውነቱን ነው፣ ስድስቱም ዓመት ጸድቷል። እንዲህ ያለው ቫይረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን አያጠፋም፤ ይደብቀውና በስሙ ሐሰተኛ ሾርትከት ያስቀምጣል። የተደበቁትንና የሲስተም ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ከፍቶ ማየት ይቻል ነበር። ወይዘሮዋ «ተዪው ልጄ፣ እግዜር ያመጣው ነው» አሉ። እግዜር ምን አገባው!

በልጁ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። አንድ ሰው ለሦስት ፎቅ ተቀጥሮ፣ አለቃው «ቶሎ በል» እያለ ቆሞበት፣ ከፎርማት የፈጠነ ነገር ከየት ያመጣል? ማሽኑ ተነሣ ወይ እንጂ ውስጡ ምን ነበረ ብሎ የጠየቀ አለቃ አላየንም። መስኮቱ ጋ ደግሞ ባለጉዳዩ «ሲስተም የለም፣ ሰኞ ተመለስ» ይባላል። ሰኞ ሲመጣ ሲስተሙ አለ፣ የእሱ ፋይል የለም።

እኛ የምንጠይቀው ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ማሽኑ ያወጣው መልእክት ቃል በቃል ይጻፍበት። ከዚያ በፊት መብራት ሄዶ ነበር? የማን ፍላሽ ገባ? የጎረቤት ማሽንስ እንዲሁ ነው? (ሁሉም ላይ ከሆነ ችግሩ ከኔትወርኩ ሊሆን ይችላል፤ የአንዱን ሆድ መቅደድ ምን ይጠቅማል?) ፎርማት ከመደረጉ በፊት ደግሞ ባለቤቱ «ፋይሌ ተገልብጧል» ብሎ ይፈርም። ሥራ ይበዛል የሚሉን አሉ። ወይዘሮዋ ከመዝገብ ቤት የተገኘውን ወረቀት እንደገና እየተየቡ ነው፤ አሁን ሁለተኛው ዓመት ላይ ደርሰዋል።