አረቦኑን ሁሉም ይነግራችኋል፤ ካሳውን ማን ይንገራችሁ?

የመኪና ኢንሹራንስ ስናድስ ጥያቄያችን አንድ ነው፦ «ስንት ነው?» ሦስት ቦታ ደውለን ዝቅተኛውን እንይዛለን። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ማለት ይሄ ነው። የምንገዛው ወረቀት አይደለም፤ ቃል ነው። ቃሉ የሚፈተነው ደግሞ መኪናው ተገጭቶ ጋራዥ የቆመ ቀን ነው።

በምሳሌ እንየው። አንዱ ኩባንያ 20,000 ሌላው 25,000 ብር ጠየቀ እንበል። ርካሹን መርጣችሁ 5,000 ብር አተረፋችሁ። ነገር ግን በርካሹ ውል ላይ ኤክሰሱ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጉዳት ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት፣ 12,000 ብር ሆኖ የሌላው 4,000 ቢሆንስ? በመጀመሪያው ግጭት ትርፋችሁ አለቀ፣ 3,000 ብርም ጨመራችሁ። በመኪናው ለሚተዳደር ሰው ደግሞ ካሳ ሲጠብቅ የሚባክነው እያንዳንዱ ቀን የዕለት እንጀራ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኢትዮጵያ መኪናም መለዋወጫም በዶላር የምትገዛ አገር ናት። ውላችሁ ላይ ያለው የመኪና ዋጋ ግን የድሮው ከሆነ አደጋ ላይ ናችሁ። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ተመዝግቦ የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ኩባንያው በድርሻ አስልቶ 100,000 ብቻ ሊከፍል ይችላል። ይህ ስሌት ዛሬ የተፈጠረ ተንኮል አይደለም፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግም ያውቀዋል። ስለዚህ ወኪሉ «ቅናሽ አድርጌልሃለሁ» ሲላችሁ ጠይቁ፦ የቀነሰው አረቦኑን ነው ወይስ የመኪናዬን ዋጋ?

ቤትም ያው ነው። በባንክ ብድር ቤት የገዛ ሰው ኢንሹራንስ የሚገባው ባንኩ ስላለው ነው፤ ውሉን ሳያነብ ፈርሞ ይወጣል። በ2017 መጀመሪያ አጋማሽ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሲነቀንቅ ስንቱ ባለቤት ውሉን አውጥቶ አየ? የእሳት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ መንቀጥቀጥን የሚሸፍነው ተጨማሪ ተከፍሎበት ሲካተት ነው።

ኩባንያዎቹ «ደንበኛው ውል አያነብም» ይሉናል። እሺ፣ ውሉን ያንብብ። ውሉ ግን የትኛው ኩባንያ በስንት ቀን እንደሚከፍል አይናገርም። ከ1986 ወዲህ ዘርፉ ለግል ተከፍቶ ዛሬ ከደርዘን በላይ ኩባንያ አለን። ምርጫ አለ፤ መምረጫ ግን የለም። ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ስለ ዘርፉ ጥቅል አረቦንና ስለ ቅርንጫፍ ብዛት ያወጣል። ገዢ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው፦ ማን በስንት ቀን ይከፍላል? ከመቶ የካሳ ጥያቄ ስንቱን ውድቅ ያደርጋል? ስንት ቅሬታ ቀርቦበታል?

ይህ ቅንጦት አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የካሳ አከፋፈልን በየኩባንያው ለይቶ ያወጣል። በብሪታንያም ገዢ የትኛው ኩባንያ ስንት በመቶ ጥያቄ እንደተቀበለ ማየት ይችላል።

«ማጭበርበር በዝቷል፤ የተጋነነ ፕሮፎርማ ይመጣብናል» የሚለው ምላሽ እውነትነት አለው። ታዲያ ውድቅ ያደረጋችሁትን ከነምክንያቱ አውጡት። አጭበርባሪው ይጋለጣል፣ ሐቀኛው ደንበኛም ያምናችኋል። በቶሎ የሚከፍል ኩባንያ ከዚህ የሚያጣው ነገር የለም። ዛሬ የሚጎዳው እሱ ነው፤ በጥሩ አገልግሎቱ ሳይሆን በአረቦኑ ብቻ እየተመዘነ ገበያውን ዋጋ ለሚሰብረው ያስረክባል።

ብሔራዊ ባንክ በየዓመቱ ሦስቱን ቁጥሮች፣ የክፍያ ቀን፣ ውድቅ የተደረገ ጥያቄና ቅሬታ፣ በኩባንያ ስም ያውጣ። እያንዳንዱ ውልም ኤክሰሱንና የማይሸፈነውን በአንድ ገጽ ግልጽ አማርኛና በየክልሉ ቋንቋ ያስቀድም።

እስከዚያው «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን አስቀድሙ፦ ኤክሰሱ ስንት ነው? መኪናዬ የተመዘገበው በዛሬ ዋጋ ነው? ምን ምን አይሸፈንም? ሰነዴ ተሟልቶ ከገባ በስንት ቀን ትከፍላላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በጽሑፍ አልሰጥም ያለ ኩባንያ ግን መልሱን ሰጥቷችኋል።