ሰንበት በሰው አገር

ሰንበት ጧት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ይታየዋል። አንደኛው ነጠላውን አጣፍቶ ማርያምን ወይም ራጉኤልን ለመሳለም የሚሄደው የአገሩ ሰው ነው። ሁለተኛው ወፍራም ጫማ ተጫምቶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ባንገቱ አንጠልጥሎ የሚያዘግመው የውጭ አገር ሰው ነው። የጉለሌ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉታል። እርሱ ግን አንገቱን አቅንቶ ቁራ ያያል።

ቁራ ደግሞ ምኑ ይታያል እንላለን። ነገር ግን ያ መንቁሩ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ዘወትር በሥጋ ቤት ደጃፍ የምናባርረው ቁራ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ በቀር በዓለም ላይ አይገኝም። እርሱን ለማየት ብለው ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች አሉ።

ስለ ወፍ ለመጻፍ አልተነሣንም። የተነሣነው ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር የሚኖር ሰው ትርፍ ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ ጥቂት ለማለት ነው። በሥራ ቀን ስደተኛውም፣ አማካሪውም፣ መምህሩም ሥራ አለው፤ ናፍቆቱ አይሰማውም። ሰንበት ሲመጣ ግን ለቅሶ የሚደርስበት ጎረቤት፣ ጽዋ የሚጠጣበት ማኅበር፣ የሚጠራበት ክርስትና የለውም። ሰው አገር ሰው አገር መሆኑ የሚታወቀው ያን ቀን ነው።

ያን ጊዜ ብዙዎቹ በር ዘግተው ይቀመጣሉ። ከጉለሌ በስተምሥራቅ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው አፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት ከሰጡት ከ40 ሔክታር በላይ ከሆነው ግቢ ነው። በሰፈሩ ተወልደው ያረጁ፣ የግቢውን ደጃፍ ግን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሞልተዋል። ይህ የኤምባሲ ደንብ ስለሆነ አንፈርድበትም። የሚገርመን በግል ቤቱ እንዲህ ያለ አጥር አጥሮ፣ ከኢትዮጵያ ዘበኛውንና ወጥ ቤቱን ብቻ አውቆ፣ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ አንድ ጥበብ በእጥፍ ዋጋ ገዝቶ የሚሄደው ሰው ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ሌላ ነው። ቻርልስ ሳተን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 (ዘመኑን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንጽፋለን) የሰላም ጓድ ሆኖ ወደ አገራችን መጣ። የሙዚቃ ፍቅር ነበረውና ማሲንቆ መማር ጀመረ። መምህሩም ጌታመሳይ አበበ ነበሩ። ያን ጊዜ የተማረው ወጣት ጊታር ለማግኘት ሲማስን፣ ማሲንቆን የአዝማሪ ዕቃ ብሎ ሲንቅ፣ ይህ ባሕር ማዶ ያደገ ሰው አንዲቱን ጅማት መሞረድ ያዘ። በ1963 በግብፅ ተወላጁ በሐሊም ኤል ዳብ አማካይነት በዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱን፣ ማሲንቆውንና ከበሮውን ባንድነት ያስማማ ጓድ ነበር። ሳተን ከተጫዋቾቹ ጋር ተቀመጠ፤ ሥራቸውንም አስተዳደረ፤ በ1969 አሜሪካ ወስዶ ከከተማ ወደ ከተማ አዞራቸው። በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርዒት ላይም ቀረቡ። ይህ ሁሉ የተገኘው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከተጀመረ ጨዋታ ነው።

ሌሎቹንም በአጭሩ እናንሣ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ መድኃኒት ቤት የከፈተው ጆርጂያዊው ዶክተር መራብ ስለ አገራችን ያየውንና የሰማውን ሁሉ መዝግቦ በፈረንሳይኛ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ትቷል። በ1950 የመጣው ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የቤተ መጻሕፍት ሹም ሲሆን፣ መስቀሉንና የጥንቱን ሥዕል እየሰበሰበ ዛሬ ስድስት ኪሎ የምናየውን ሙዚየም አደራጅቷል። የሥነ ሕይወት መምህሩ ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በ1971 አሳትሟል። ከዚህ ውስጥ የእንጀራ ሥራ የነበረ አለ፤ ከእንጀራም ያለፈ ፍቅር አለበት። ቅር የሚለን የአያቶቻችን ከተማ ምን ትመስል እንደ ነበር ለማወቅ የባዕድ ቋንቋ መዝገብ ማገላበጥ የግድ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን «ፈረንጁማ ጊዜ አለው፤ ምግቡን ሌላ ያበስልለታል፤ ደመወዙም አያልቅበትም» እንደሚሉን እናውቃለን። እውነት ነው። የእኛ ወጣት ሹም ሰንበቱ ከሥራ ቀን ይከብዳል። ጧት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ዕድር፣ ከሰዓት በኋላ ሠርግ፣ ሲመሽ የታመመ ዘመድ ጥየቃ ነው። ወፍ ተመልከት ብንለው ቢስቅብን አይፈረድበትም።

ነገር ግን ይኸው ወጣት ለትምህርት ባሕር ማዶ ሲሄድ ሰንበቱ ባዶ ትሆናለች። እዚያ ለቅሶ የለበትም፤ ዕድርም የለበትም። ታዲያ ምን ይሠራል? ከአገሩ ልጆች ጋር ተሰብስቦ እንጀራ ይበላል፤ ይህ ደግ ነው፤ ናፍቆት መድኃኒት ይሻል። ከዚያ በኋላ ግን ስልኩን ከፍቶ ሌሊቱን የአዲስ አበባን ወሬ ሲያዳምጥ ያድራል። የጉለሌን ወሬ ከጉለሌ ሰው ቀድሞ ይሰማል፤ የሚኖርበትን ከተማ ወሬ ግን አያውቅም። በዲግሪ ላይ ዲግሪ ጨምሮ ሲመለስ «ሕዝቡ እንዴት ያለ ነው?» ብንለው «ብርዱ አይጣል ነው» ብሎ ይመልስልናል።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን በመልእክት በሄዱ ጊዜ የቆዩት ጥቂት ሳምንት ነበር። በዚያች አጭር ጊዜ ያስተዋሉትን ጽፈው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በጥቂት ሳምንት ይህ ከተቻለ፣ የአምስት ዓመት ተማሪ ቢያንስ አንድ ደብተር እንዲሞላ መጠበቅ የበዛ አይመስለንም። የዛፉን ስም፣ የገበያውን ዋጋ፣ የጎረቤቱን አሮጊት ተረት ቢጽፍበት በቂ ነው።

ስለ ዛፍ ካነሣን ዘንድ፣ የጉለሌ አንጋፋ እንግዳ ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን ወረሰ፤ መጤነቱን ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ዛሬ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከ700 ሔክታር በላይ በሆነ መሬት ላይ ጥዱን፣ ኮሶውንና ወይራውን መልሶ ይተክላል። ወዳጃችንን ባለፈው ሰሞን እዚያ ወሰድነው። ኤውሮፓ ሦስት ዓመት የተማረ፣ ክራር መምታት የሚያውቅ ልጅ ነው። በተማሪ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ምን ዛፍ ነበር ብለን ብንጠይቀው ትንሽ አሰበና «ዛፍ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

በመስከረም ለሁለተኛ ትምህርት ተመልሶ ይሄዳል። ክራሩን እንደሚይዝ ነግሮናል። የእነርሱን አገር መሣሪያ ይማር እንደሆነ ግን ገና አልቆረጠም።