ስለ ኖራ ድንጋይና ስለ እብነ በረድ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በቤታችን የእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ የተቈረጠ ሎሚ ሲያድር፣ በማግሥቱ ልስልሱ ገጽ ደብዝዞ ተገኘ። እኔም «በአሸዋ ፈትጋችሁት ነው» ብዬ ልጆቼን ተቈጣሁ። ኋላ ግን የድንጋዩን ባሕርይ ብመረምር ስሕተቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት፤ ስለዚህ የተረዳሁትን ለተከበራችሁ አንባቢዎች በአጭሩ ልገልጽ ወደድሁ።

የኖራ ድንጋይ ከደለል አለቶች ወገን ነው። በጥንት ባሕር የኖሩ ፍጥረታት ዛጎልና የኖራ ጭቃ በውኃው ግርጌ እየተደራረበ፣ በላዩ የመጣውም ሸክም እየተጫነው ጠንክሮ ድንጋይ ሆነ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር መንገደኛ ንብርብሩን በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ያየዋል፤ ዕድሜውም 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው።

እብነ በረድ ግን ከልውጥ አለቶች ወገን ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ ምድር ጥልቅ ወርዶ በብርቱ ሙቀትና በታላቅ ግፊት ሲያዝ፣ ሳይቀልጥ ቅንጣቱ እንደ ገና ተሠርቶ ይገጣጠማል፤ የዛጎሉም መልክ ይጠፋል። ጭቃ በእሳት ተተኩሶ ማሰሮ እንደሚሆን ያለ ነው። በቤኒሻንጉል የሚገኘው እብነ በረድ ይህን መልክ የያዘው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ እንግዲያስ የተወለደው ከዓባይ ሸለቆው ሳይሆን እጅግ ከሚቀድመው ሌላ የኖራ ድንጋይ ነው።

ሁለቱ በመልክ ቢለያዩም ብዙውን ጊዜ ካልሲት ከሚባል ከአንድ ማዕድን የተሠሩ ናቸውና ኮምጣጣ ነገር ሁለቱንም ይበላቸዋል። ስለዚህ ሻጭ በድንጋይ ላይ ሎሚ አንጠባጥቦ «እነሆ ፈላ፤ እብነ በረድ ነው» ቢል ምስክሩ አይበቃም፤ የኖራ ድንጋይም ይፈላልና። ገዢ አዲስ የተሰበረውን ጎን በፀሐይ ይመልከት፤ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ቢያይ እብነ በረድ፣ ደብዛዛ ሆኖ የዛጎል ምልክት ቢያገኝበት የኖራ ድንጋይ ነው።

እመቤቶችም ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በእብነ በረድ ላይ ቢፈስ ሳይውል ሳያድር በውኃ ያስጠርጉት። እኔ ግን ዕለት ዕለት የምስክር ቃል የምጽፍ ሰው ሆኜ ሳለሁ በቤቴ ያለ ምርመራ ስለ ፈረድሁ፣ ልጆቼን ጠርቼ በደል እንደሌለባቸው ነገርኋቸው።